ውይይቱ ከትዕዛዙ ሥር ይቀመጥ፦ በንግድ ሶፍትዌር ላይ ቻትና አጫጭር ልጥፎችን ስለ መጨመር

ጥያቄ፦ «በአንድ አስመጪና አከፋፋይ ድርጅት የመረጃ ቴክኖሎጂ ክፍል ኃላፊ ነኝ። 45 ሠራተኞች አሉን። ግዢውን፣ ሽያጩንና መጋዘኑን የምንመራው ኦዱ በተባለው የንግድ ሶፍትዌር ነጻ እትም፣ ቁጥር 17 ነው። ሠራተኛው ግን ስለ ሥራው የሚነጋገረው በቴሌግራም ነው። ሥራ አስኪያጃችን በሲስተሙ ውስጥ ቻት እና እንደ ትዊተር ያለ አጭር መልእክት የሚለጠፍበት ገጽ እንዲኖር ይፈልጋሉ። ሮኬት ቻት የተባለውን የቻት ሶፍትዌር ለብቻው እንትከል፣ የራሳችንን ሞጁል (በሲስተሙ ላይ የሚጨመር ክፍል) እንጻፍ፣ ወይስ ሌላ መንገድ አለ? በቴሌግራም ያለውን የሦስት ዓመት ውይይትስ ወደ ሲስተሙ ማስገባት ይቻላል?»

መልስ፦

ጤና ይስጥልኝ። ፍሬ ነገሩን ላስቀድም። ሮኬት ቻትን አሁን አይትከሉ፤ የራሳችሁን የቻት ሞጁልም አያስጽፉ። ከምትፈልጉት አብዛኛው ዛሬ በምትጠቀሙበት ሲስተም ውስጥ አለ፤ የሚከፍተው አጥቶ ተቀምጧል። ከሁሉ በፊት ከሥራ አስኪያጅዎ ጋር ቁጭ ብላችሁ አንድ ነገር ወስኑ፦ ስለ አንድ ትዕዛዝ የሚነገር ነገር የሚጻፈው የት ነው? የእኔ መልስ ከዚያው ትዕዛዝ ሥር ነው የሚል ነው። የቀረው ሁሉ ከዚህ ይከተላል።

ይህን ያህል አጥብቄ የምናገረው በአንድ የሕንፃ መሣሪያ አከፋፋይ ዘንድ ባየሁት ነገር ምክንያት ነው። አንድ የቆየ ደንበኛ ብዙ ብረት ስለሚወስድ ቅናሽ ጠየቀ። የሽያጭ ሠራተኛው ጉዳዩን ለኃላፊው በቴሌግራም ጻፈለት፤ ኃላፊው «እሺ» ብሎ መለሰ፤ በሲስተሙ ውስጥ የተቀየረው ግን ዋጋው ብቻ ነበር። ከአራት ወር በኋላ ኦዲተሩ «ይህን ቅናሽ የፈቀደው ማን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ የሽያጭ ሠራተኛው ሥራውን ለቅቋል፤ በሁለቱ መካከል የነበረው የግል ውይይትም ለሁለቱም ወገን ተሰርዟል። ቴሌግራም ይህን ይፈቅዳል። ኃላፊው ሐቀኛ ሰው ነበሩ፤ የፈቀዱትም በሥልጣናቸው ልክ ነበር። ማሳየት የሚችሉት ነገር ግን አልነበራቸውም፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ተጠርጥረው ተቀመጡ። ያቺ ሁለት ፊደል ያላት «እሺ» ከሽያጭ ትዕዛዙ ሥር ብትጻፍ ኖሮ ጉዳዩ በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር።

የሶፍትዌር ሠሪዎችም ይህን የተማሩት በሂደት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ያመር የተባለው የድርጅቶች የአጭር መልእክት አገልግሎት ተጀመረ፤ በዚያው ዓመት አይደንቲካ የተባለው የትዊተር ክፍት ምንጭ (ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ) አቻ ወጣ። ማይክሮሶፍት ያመርን በ2012 በ1.2 ቢሊዮን ዶላር እስከ መግዛት ደረሰ። ለእኔ ግን ትልቁ እርምጃ የንግድ ሶፍትዌር ኩባንያው ሴልስፎርስ በ2010 ያወጣው ቻተር ነው፤ እዚያ ሰው የሥራ ባልደረባውን ብቻ ሳይሆን ሰነዱን ራሱን መከተል ቻለ። በ2012 መጨረሻ የወጣው ኦፕን ኢአርፒ 7፣ ማለትም የዛሬው ኦዱ፣ ይህንኑ ሐሳብ በክፍት ምንጭ ይዞ መጣ። ከእያንዳንዱ ፕሮፎርማ፣ ከእያንዳንዱ የግዢ ትዕዛዝና ደረሰኝ ሥር ወይም ጎን የሚታያችሁ የመልእክት ሰሌዳ የዚያ ውጤት ነው። ኢአርፒኔክስት የተባለው ሌላ ክፍት ምንጭ የንግድ ሶፍትዌርም ተመሳሳይ ነገር አለው፤ በየሰነዱ ሥር አስተያየት መጻፍ፣ ሰውን በስሙ መጥራት፣ የለውጥ ታሪክ መያዝ ይችላል።

ስለዚህ ሥራውን ከዚህ ሰሌዳ ይጀምሩ። ሰነዱን የፈጠረው ሰውና ኃላፊ ሆኖ የተመደበው በራሳቸው ተከታይ ይሆናሉ፤ ሌላውን በስሙ መጥራት ይቻላል። የባንክ ገቢ ማስረጃ ፎቶ ዛሬ በቴሌግራም ቡድን ውስጥ ከሰርግ ካርድና ከመልካም በዓል ምኞት ጋር ተደባልቆ የሚወርደው፣ ከደረሰኙ ሥር ይያያዛል። «ነገ ለደንበኛው መደወል እንዳትረሳ» የሚለውም መልእክት መሆን የለበትም። ለዚህ ሲስተሙ ቀን የተቆረጠለት ተግባር የሚመዘገብበት ቦታ አለው፤ ቀኑ ሲያልፍ በቀይ ይታያል። መልእክት ተነብቦ ይረሳል፤ ቀይ ምልክት ግን ሥራው እስኪሠራ ከዓይን አይጠፋም።

አሁን በጣም እንዲጠነቀቁ ወደምፈልገው ነገር ልምጣ። በሰሌዳው አናት ላይ ሁለት ቁልፎች ጎን ለጎን አሉ፤ አንዱ መልእክት መላኪያ፣ ሌላው የውስጥ ማስታወሻ መጻፊያ ነው። የመጀመሪያው ለሰነዱ ተከታዮች ሁሉ ይደርሳል። ፕሮፎርማ በኢሜይል ሲላክ ደግሞ ደንበኛው ራሱ ተከታይ ሆኖ ይመዘገባል። ሠራተኛው ይህን ሳያውቅ በመጀመሪያው ቁልፍ «ይህ ሰውዬ ያለፈውን ዕዳ ሳይከፍል ዕቃ እንዳትሰጡት» ብሎ ቢጽፍ ጽሑፉ በቀጥታ ወደ ደንበኛው ኢሜይል ይሄዳል። እኔ በነበርኩበት አንድ ድርጅት ይህ በእርግጥ ደርሷል፤ ይቅርታ ለመጠየቅ ሥራ አስኪያጁ በአካል ሄደዋል። ጥፋተኛዋ የጻፈችው ልጅ አልነበረችም፤ እኛ ነበርን፤ ሁለቱን ቁልፎች ለይተን ሳናስተምር ሥራ አስጀመርናት። ከዚያ ወዲህ በምሰጠው ሥልጠና የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ስለነዚህ ሁለት ቁልፎች ብቻ ነው። አቅሙ ካላችሁ የውስጥ ማስታወሻው ቀድሞ እንዲታይና መልእክት መላኪያው ማን ዘንድ እንደሚደርስ ጠይቆ እንዲያረጋግጥ የምታደርግ ትንሽ ሞጁል ያስጽፉ። ከሞጁሎች ሁሉ አስቀድሜ ገንዘብ የማወጣው ለዚህች ነው።

ከዚያ የለውጥ ታሪክ ይመጣል። ኦዱ የትዕዛዙን ደረጃና ጠቅላላ ድምር መለወጥ በራሱ ይመዘግባል፤ በእያንዳንዱ ዕቃ መስመር ላይ ያለውን የነጠላ ዋጋ ለውጥ ግን አይመዘግብም። ለእናንተ ዓይነት ድርጅት ይህን የሚመዘግብ ትንሽ ጭማሪ ያስፈልጋል። ያኔ ከትዕዛዙ ሥር «ነጠላ ዋጋ፦ ከ1,850 ወደ 1,790 ብር» የሚል መስመር ከቀያሪው ስም፣ ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር ይወርዳል፤ ከሥሩ ደግሞ ኃላፊው «ከ200 በላይ ስለ ወሰዱ ፈቅጃለሁ» ብለው ይጽፋሉ። ያ ኦዲተር የጠየቀው ይህንን ነበር። ነገር ግን የሚከታተሉትን የመረጃ ዓይነት አያብዙ። ዋጋ፣ ብዛት፣ የክፍያ ውል፣ የማስረከቢያ ቀን ይበቃሉ። ሁሉም ነገር የሚመዘገብበት ሰሌዳ ማንም አያነበውም።

ቻቱን በተመለከተ፣ በኦዱ ነጻ እትም ውስጥ የሁለት ሰዎች የግል ውይይትም የቡድን ክፍልም አለ። «ሞክረነው ነበር፤ መልእክቱ ገጹን እንደገና ካልከፈትን አይታይም» የሚሉ ብዙ ሰዎች ያጋጥሙኛል፤ እናንተም እንዲሁ ብላችሁ ትታችሁት ከሆነ አልገረምም። ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው። ሰርቨሩ በብዙ የሥራ ሂደቶች እንዲሠራ ሲዋቀር ተራው ሥራ በወደብ (ሰርቨሩ ግንኙነት በሚቀበልበት ባለ ቁጥር በር) 8069 ይሄዳል፤ የቻቱ ቀጥታ ግንኙነት ግን 8072 በሚባለው በሌላ ወደብ ነው የሚያልፈው። ከፊት ቆሞ ጥያቄዎችን ወደ ኦዱ የሚያስተላልፈው ኤንጂንክስ የተባለ ፕሮግራም የዌብሶኬቱን (ክፍት ሆኖ የሚቆየውን ቀጥታ ግንኙነት) መንገድ ወደ 8072 እንዲመራ ካልተነገረው መልእክቱ በዳታቤዙ ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል፤ ወደ ተቀባዩ አሳሽ አይደርስም። እስከ እትም 15 ድረስ መንገዱ ሎንግ ፖሊንግ ይባል ነበር፤ ከ16 ጀምሮ ዌብሶኬት ሆኗል። ከአሮጌ እትም የተቀዳ የኤንጂንክስ ፋይል በ17 ላይ የማይሠራው ለዚህ ነው። የማስተካከያው ሥራ ጥቂት መስመር ነው፤ ለዚህ ችግር ብለው ሌላ የቻት ሰርቨር የተከሉ ሰዎች ግን አውቃለሁ።

ቀጥሎ ማሳወቂያ አለ። አዲስ ተጠቃሚ ሲፈጠር መልእክቶቹ በኢሜይል እንዲደርሱት ሆኖ ነው የሚዋቀረው። 45 ሰው በየሰነዱ መጻፍ ሲጀምር የእያንዳንዱ የኢሜይል ሳጥን በሦስት ቀን ይሞላል፤ ከዚያ ሁሉም ማንበብ ያቆማል፤ አስፈላጊውም አብሮ ይቀበራል። በየቀኑ ሲስተሙን ለሚከፍቱ ሠራተኞች ማሳወቂያው እዚያው ውስጥ እንዲታይ ይለውጡት። ሲስተሙን በሳምንት አንዴ ለሚከፍቱት ኢሜይሉ ይቆይላቸው። እያንዳንዱ ተከታይ የትኛው ዓይነት ክስተት እንዲነገረው መምረጥ ይችላል፤ ይህን ምርጫ ለሠራተኛው አይተዉለት፤ ከየክፍሉ ኃላፊ ጋር ሆናችሁ መርጣችሁ አስቀምጡለት።

ለሾፌሮች አጭር የስልክ መልእክት ለመላክ ካሰባችሁ ደግሞ የግዕዝ ፊደልን ዋጋ አትርሱ። በላቲን ፊደል አንድ መልእክት 160 ፊደል ይይዛል፤ በአማርኛ ሲጻፍ 70 ብቻ ነው፤ ረዝሞ ሲከፋፈል እያንዳንዱ ክፍል 67 ይሆናል። «የማስረከቢያ ቁጥር 1042 ተዘጋጅቷል፤ ከቃሊቲ መጋዘን ይጫን» የሚለው በአንድ መልእክት ይገባል፤ ሰላምታና የድርጅት ስም ታክሎበት ከ70 ካለፈ ግን የሁለት ያስከፍላል።

ሥራ አስኪያጅዎ ወደሚፈልጉት የልጥፍ ገጽ ልሂድ። እንዲህ ያለ ገጽ ሰዎች እንዲጽፉበት ተብሎ ባዶውን ሲከፈት ብዙ ጊዜ በሁለት ወር ውስጥ ሲሞት አይቻለሁ። መጀመሪያ ሥራ አስኪያጁ ይጽፋሉ፤ ሠራተኛው አክብሮ «እናመሰግናለን» ይላል፤ ከዚያ ጸጥ ይላል። በሕይወት ሲቆይ ያየሁት ልጥፎቹን በአብዛኛው ሥራው ራሱ ሲጽፋቸው ነው። የእናንተ ሥራ ደግሞ ለዚህ የተፈጠረ ይመስላል። ዕቃ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ሁሉም ሰው በየሰዓቱ የሚጠይቀው ጥያቄ «ኮንቴይነሩ የት ደረሰ?» የሚል ነው። የግዢ ትዕዛዙ ላይ «ከጅቡቲ ተነሥቷል»፣ «ሞጆ ደረቅ ወደብ ገብቷል»፣ «ቀረጥ ተከፍሏል»፣ «መጋዘን ገብቷል» የሚሉ ደረጃዎችን ያስገቡ። ደረጃው በተለወጠ ቁጥር ለሁሉም ክፍት በሆነ ክፍል ውስጥ አንድ መስመር ልጥፍ በራሱ ይውጣ፤ ልጥፉ ወደ ሰነዱ የሚወስድ አገናኝ ይኑረው። የሽያጭ ሠራተኛ ጠዋት ሲገባ መጀመሪያ የሚከፍተው ገጽ ያ ይሆናል። ገጹን የሚከፍት ሰው ሲኖር ከሥሩ መጻፍም በራሱ ይመጣል፤ ንብረት ክፍል «12 ካርቶን ረጥቦ ደርሷል፣ ፎቶው ተያይዟል» ይላል፤ ሽያጩ ያንን አይቶ ለደንበኛው ቃል ከመግባቱ በፊት ቆም ይላል።

ይህን ለመሥራት አዲስ የዳታቤዝ ሠንጠረዥ አያስፈልግም። የእርስዎ ባለሙያ ሲስተሙ ያለውን የመልእክት መለጠፊያ ፈንክሽን ከደረጃው ለውጥ ጋር ቢያያይዝ ይበቃል። የራሱን ሠንጠረዥ፣ የራሱን ማሳወቂያ፣ የራሱን የፈቃድ ሥርዓት ልጻፍ ካለ አይፍቀዱለት። ኦዱ በየዓመቱ አዲስ ዋና እትም ያወጣል፤ ድጋፍ የሚሰጠውም ለመጨረሻዎቹ ሦስት ነው። ከዋናው የተለየ ነገር በጻፉ ቁጥር በየሽግግሩ የሚከፍሉት ዕዳ ይጨምራል። የዋናውን ኮድ ፋይል ደግሞ በፍጹም አይንኩ፤ የሚጨመረው ሁሉ በራሱ ሞጁል ውስጥ ይሁን። ነጻው እትም ኤልጂፒኤል በተባለ የክፍት ምንጭ ፈቃድ ሥር ስለሆነ ሞጁላችሁን በራሳችሁ ፈቃድ መያዝ አትከለከሉም።

ለአማርኛ ተጠቃሚ ግን በእርግጥ መጻፍ ያለበት አንድ ነገር አለ፤ እርሱም ፍለጋ ነው። የዛሬ ስድስት ወር የተጻፈው ካልተገኘ ውይይቱን በሲስተሙ ውስጥ መያዝ ምን ይጠቅማል? አንዱ «ሐዋሳ» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ሀዋሳ»፣ ሦስተኛው «ሃዋሳ»። ለኮምፒውተሩ ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። «ፀሐይ» የሚለው የሰው ስም ፊደሉ ብቻ እየተቀያየረ፣ ድምፁ ሳይለወጥ፣ በ12 መንገድ ሊጻፍ ይችላል። የላቲን ፊደላትን ምልክት ለማንሣት ኦዱ በሚጠቀምበት ዳታቤዝ በፖስትግሬስ ላይ የሚጫነው ዝግጁ ማሟያ ለእኛ ፊደል ምንም አይሠራም። መፍትሔው ቀላል ነው። የመልእክቱን ጽሑፍ እንዳለ ይተዉት፤ ከጎኑ ለፍለጋ ብቻ የሚውል ሁለተኛ ቅጂ ይቀመጥ። በዚያ ቅጂ ውስጥ የሐ እና የኀ ዘሮች ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ ይለወጡ፤ በየዘሩ ሰባት ሆነው 35 ፊደላት ናቸው። ቀጥሎ ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ ይታጠፉ። ፈላጊው የሚጽፈው ቃልም በዚያው ወንፊት ይለፍ። ለአንድ ባለሙያ የአንድ ሁለት ቀን ሥራ ነው፤ የደንበኞችን ስም ፍለጋም በዚሁ ያስተካክሉበታል። ይህን ሠርቼ ሳስረክብ አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ የጠፋባትን የደንበኛ ሒሳብ ወዲያው አገኘችው፤ ለካ አንዱ ሰው በሁለት ዓይነት ፊደል ተጽፎ ሁለት ጊዜ ተመዝግቦ ኖሯል።

እንግዲህ ሮኬት ቻት፣ ማተርሞስት ወይም ዙሊፕ ፈጽሞ አያስፈልጉም ማለቴ አይደለም። ሲስተሙን የማይጠቀሙ ብዙ ሠራተኞች ሲኖሯችሁ፣ ወይም ቀኑን ሙሉ ረጅም ቴክኒካዊ ውይይት የሚያደርግ ክፍል ሲኖር የተለየ የቻት ሰርቨር ተገቢ ነው። ከሦስቱ እኔ ለሥራ የምመርጠው ዙሊፕን ነው፤ እያንዳንዱ ውይይት ርእስ እንዲኖረው ስለሚያደርግ፣ የትዕዛዙን ቁጥር ርእስ ማድረግ ይቻላል። ሮኬት ቻት ሞንጎዲቢን ስለሚጠይቅ ባለሙያዎ ከፖስትግሬስ ሌላ ሁለተኛ ዳታቤዝ መጠበቅና መጠባበቂያ መያዝ ይኖርበታል። የትኛውንም ቢተክሉ ሠራተኛው በአንድ የይለፍ ቃል ይግባ፤ ለዚህ ኤልዳፕ (የሠራተኞችን መግቢያ ከአንድ ማዕከላዊ መዝገብ የሚያረጋግጥ ዘዴ) በነጻው እትም ውስጥ አለ። አንድ ሰው ሲለቅ በአንድ ቦታ ሲዘጋ ሁለቱም ጋ መዘጋት አለበት።

ሳልጠቅስ የማላልፈው የሠራተኛው የግል ጉዳይ ነው። ከሰነድ ሥር የተጻፈ መልእክት የሚታየው ሰነዱን የማየት ፈቃድ ላለው ብቻ ነው፤ ያ ጥሩ ነው። የሁለት ሰዎች የግል ቻት ግን በዳታቤዙ ውስጥ በግልጽ ጽሑፍ ይቀመጣል፤ ዳታቤዙን የሚያስተዳድር ሰው ሊያነበው ይችላል። ይህን ለሠራተኞቻችሁ ከመጀመሪያው ቀን በጽሑፍ ንገሯቸው፦ ማን ማየት እንደሚችል፣ ለስንት ጊዜ እንደሚቆይ፣ ለምን እንደሚያዝ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ነገሩ የመልካም ፈቃድ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሕግ ባይኖርም ግን ሰው የሚነበብበትን ሳያውቅ እንዲጽፍ ማድረግ በደል ነው።

ቴሌግራምን በአንድ ቀን ለመከልከል አትሞክሩ። ሾፌሩና በክፍለ ሀገር ያለው ሽያጭ ሠራተኛ እዚያ ነው ያሉት፤ በደካማ ኔትወርክ ላይ ከድረ ገጽ ይልቅ ቴሌግራም ይሻላቸዋል። ይልቅስ በቴሌግራም ቦት (በራሱ መልእክት በሚልክ ፕሮግራም) አማካይነት አጭር ጥቆማ ይላክ፤ «በማስረከቢያ 1042 ላይ ስምዎ ተጠርቷል» ብሎ አገናኙን ብቻ ይስጥ። ዋጋና የደንበኛ ስም በዚያ መንገድ አይለፍ። ሥራው በዚያ ላይ እንዳይንጠለጠልም ይሁን። ከየካቲት 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለአምስት ወር ያህል ቴሌግራም በአገራችን ተገድቦ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ሰርቨራቸው በግቢያቸው ውስጥ የነበረና ውይይታቸው ከሰነዳቸው ሥር የነበረ ድርጅቶች ቢሮ ውስጥ ሆነው ሥራቸውን ይቀጥሉ ነበር።

የሦስት ዓመቱን የቴሌግራም ታሪክ በተመለከተ፣ በኮምፒውተር ላይ የሚጫነው የቴሌግራም ፕሮግራም ውይይትን ከነፎቶው በፋይል ማውጣት ስለሚችል ማስገባቱ በቴክኒክ ደረጃ ይቻላል። ሆኖም ሁሉንም አታስገቡት። መልእክቶቹ የትኛውን ትዕዛዝ እንደሚመለከቱ በራሱ የሚለይ ነገር የለም፤ የሠራተኞች የግል ወሬም ሳይጠየቁ ወደ ድርጅቱ ሰነድ ይገባል። የወጣውን ፋይል ኃላፊነት ባለው ሰው እጅ፣ በተቆለፈ ቦታ አስቀምጡት። ከዚያ ዛሬ ገና ያልተዘጉትን ትዕዛዞችና ያልተከፈሉትን ደረሰኞች ዝርዝር ያውጡ፤ እነርሱን የሚመለከተውን ስምምነትና የባንክ ማስረጃ ብቻ ለይቶ በየሰነዱ ሥር የሚያያይዝ አንድ የሽያጭና አንድ የሒሳብ ሠራተኛ ለአንድ ሳምንት ይመድቡ። ባለሙያዎ በዚያው ሳምንት የ8072ን ወደብ ያስተካክል።